አራት ቁጥር ፍላጻ

ሬይኖ ካንጋስን ሞቶ ያገኘችው ሚስቱ ሄልሚ ናት። ማክሰኞ ለቁርስ ሳይመለስ ቀረ። አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ቦት ጫማዋን አጥልቃ ወደ ረግረጉ ወረደች። ባሏ ከአደን ማማው ስር፣ ጀርባውን ለዝግባው ሰጥቶ ተቀምጧል። ለሚያየው ደክሞት ያረፈ ይመስላል። ፍላጻ ደረቱ ላይ ተተክሏል።

መርማሪው ቬይኮ ኒስካላ ሲደርስ ውርጩ ገና አልቀለጠም። ከትልቁ ሐይቅ በኩል ነፋስ ይመጣል። ቬይኮ ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሠላሳ አንዱን የአውራጃው ፖሊስ ሆኖ ኖሯል። ረጅም ነው። አንድ ቦታ መቆም አይሆንለትም። ሬሳውን ሦስት ጊዜ ዞረው።

የፖሊሱ አለቃ፣ ሸሪፏ ማርጆሪ ትሩዴል፣ እጇን ኮቷ ኪስ ውስጥ ከታ ታየዋለች።

«ዞረህ ዞረህ መሬቱን ልትሰረስረው ነው። ምን አየህ?»

«ከዚያ ከወደቀው ግንድ ኋላ ነው የቆመው። ሠላሳ እርምጃ ይሆናል። ውርጩ ተረግጧል።»

«ጥሩ ተኳሽ ነው።»

«አንዴ ነው የለቀቀው። መሀል ልቡን። ሬይኖ እግሩን እንኳ አላወራጨም።»

ቬይኮ ጎንበስ አለ። የፍላጻው ፊት አጥንት ላይ ቆሟል፤ ኋላው ንጹሕ ነው። ሦስት ክንፍ አለው፤ አንዱ ነጭ፣ ሁለቱ ብርቱካናማ። ከክንፎቹ ፊት በጥቁር ቀለም «4» ተጽፏል።

«ብርቱካናማና ነጭ» አለች ማርጆሪ። «የማን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ።»

በአውራጃው ውስጥ ፍላጻውን እንዲህ የሚያስለብስ አንድ ሰው ነው፤ አርቪድ ቱኦሚነን። የቬይኮ የሞተች ሚስት ወንድም ነው። ከሬይኖ ጋር በድንበር ዛፍ ተጣልተው ከተኳረፉ አስር ዓመት አልፏል።

አፍንጫውን ወደ ክንፎቹ አስጠጋ።

«ደግሞ ምን ታሸታለህ?»

«ናና።»

«ሬይኖ ማስቲካ ያኝክ ይሆናላ።»

«በቀስት አደን ወቅት? አጋዘኑ ከሁለት መቶ እርምጃ ሸቶት ይሄዳል። ሬይኖ በወቅቱ ሚስቱን እንኳ ሽቶ አያስቀባም ነበር።»

ከክንፎቹ ስር፣ ሙጫው ያለበት ላይ ነጭ ነገር አለ። ውርጭ መሰለው። ትንፋሹን እፍ አለበት። አልቀለጠም።

«ስማኝ ቬይኮ» አለች ማርጆሪ። «ቅዳሜ የጠመንጃው ወቅት ይከፈታል። ስድስት መቶ ሰው ይህን ጫካ ይረግጠዋል። ዐቃቤ ሕጉ ዓርብ ፋይሉን ይፈልጋል። አማችህ ስለሆነ በደንቡ ከጉዳዩ ላወጣህ ይገባ ነበር። ሌላ መርማሪ የለኝም።»

«ሰው ገድሎ ስሙን ደረቱ ላይ ተክሎ የሚሄድ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«የተናደደ ሰው ብዙ አይቻለሁ።»

«እስከ ዓርብ ስጪኝ።»

«እስከ ዓርብ። ከዚያ በኋላ አርቪድን በካቴና አስሬ አወጣዋለሁ። የመኪናውን በር የምትከፍትልኝ አንተ ነህ።»

አርቪድን ጓሮው ውስጥ እንጨት እየደረደረ አገኘው። ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አጭር፣ ደንዳና፣ ብቻውን የሚኖር። ግራ እጁ ተጠቅልሏል።

«መጣህ? ብርድ ልብስ ልያዝ ወይስ እስር ቤቱ ይሰጣል?»

«እጅህን ምን ሆንክ?»

«መጥረቢያ።»

«መቼ?»

«እሁድ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳውናዬ ውስጥ ተዘርግታችሁ ስትታጠቡ፣ እንጨቱን መላእክት የሚፈልጡት ይመስልሃል?»

ቬይኮ ጨርቁን አስፈታው። ጣቱ ላይ ቀጥ ያለ ንጹሕ ቁስል አለ። መጥረቢያ እንዲህ ይቆርጣል። ለሳቢው ክንድ ያጠረ ፍላጻም እንዲህ ይቆርጣል፤ ሲሳብ ስለቱ ወደ ኋላ ይመጣና ቀስቱን የያዘውን እጅ ያገኘዋል። ቬይኮ አየውና መልሶ ጠቀለለለት።

«ማክሰኞ ንጋት ላይ የት ነበርክ?»

«ማማዬ ላይ።»

«ማን አየህ?»

«አንዲት እናት አጋዘንና ሁለት ቁራ። መጥሪያ ላክላቸው።»

ችግሩ ይህ ነበር። በቀስት ወቅት፣ ንጋት ላይ፣ የዚህ አውራጃ ወንድ ሁሉ ብቻውን ዛፍ ላይ ነው። ምስክር ያለው ሰው ቢገኝ እሱ ራሱ ያጠራጥራል።

«ሬይኖን የገደለው አራት ቁጥር ነው» አለ ቬይኮ።

አርቪድ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ሳቁን አቆመ።

«አራት? የእኔ አራት?»

«ያንተ አራት።»

«አንተ ሰውዬ፣ አራት እኮ ጠማማ ናት! ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው የምትሄደው። ወደ አጋዘን ብለቃት የጎረቤት ላም ትወጋለች። ቀስት ሠሪው ሌናርት ራሱ ‹ይቺን ጣላት፣ አትረባም› ብሎኛል። ለልምምድ ነው ያስቀረኋት። ስለት እንኳ የላትም፤ ደነዝ ጫፍ ነው ያለባት።»

«የት ነው የምታስቀምጣት?»

አርቪድ ከሳውናው አጠገብ ወዳለው ደሳሳ ክፍል መራው። ማዕዘኑ ላይ የቀለም ቆርቆሮ አለ። በውስጡ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ፣ ሁለት የተሰበረ ፍላጻ። አራት የለችም። ክፍሉ መቆለፊያ የለውም። ቅዳሜ ለሳውና የሚመጡት ልብሳቸውን የሚያወልቁት እዚሁ ነው፤ ፓስተሩ፣ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሹፌር፣ ቀስት ሠሪው ሌናርት ኦያ፣ ቬይኮ ራሱ።

«ከእኛ አንዱ ነው እያልከኝ ነው?» አለ ቬይኮ።

«እኔ ምንም አላልኩም። አንተ ነህ መርማሪው። እኔ እስረኛው ነኝ።»

ቬይኮ የአርቪድን ቀስትና በሰገባው የቀሩትን አምስት ፍላጻዎች ይዞ ወጣ። መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን አስነሳ። ሚስቱ ስትሞት «ወንድሜን አደራ፣ ምላሱ ጠላት ያበዛበታል» ብላው ነበር።

ረቡዕ ከሬሳው የወጣውን ፍላጻ በላስቲክ ጠቅልሎ ወደ ሌናርት ኦያ ሱቅ ወሰደው።

ሌናርት በሦስት አውራጃ የታወቀ ቀስት አስተካካይ ነው። ፍላጻ የሚቆርጠው እንደ ልብስ ሰፊ ለሰውየው ክንድ ለክቶ ነው። ግትሩን ለብርቱ ቀስት፣ ለዘብ ያለውን ለላላ ቀስት ይመርጣል። ጅማቱ የሚዞርበት መዘውር ዝንፍ ካለ ቀስቱን ሳይነካ በዓይኑ ያውቃል። ሰውየው ራሱ ድንክ ቢጤ ነው፤ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ጋር ለመተካከል የእንጨት ሣጥን ላይ ይቆማል። ከኋላው ግድግዳው ላይ ባለ አስራ አራት ቅርንጫፍ የአጋዘን ቀንድ ተሰቅሏል። ከሁለት ዓመት በፊት በቀስት የጣለው ነው። ያንን ቀንድ ሊያይ የመጣ ሰው ቀስት ሳይገዛ አይመለስም።

ሌናርት ጓንት አጠለቀ። ፍላጻውን ለካ፣ መዘነ፣ በሁለት ጣቱ ይዞ አሽከረከረ።

«ሃያ ሰባት ኢንች ተኩል። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ክንፉንም የለጠፍኩት እኔ ነኝ። የአርቪድ ነው።»

«አርቪድ ይህን ሲስብ እጁን ሊቆርጠው ይችላል?»

«በክንዱ ልክ ነው የቆረጥኩለት። አይቆርጠውም። አንተ ብትስበው ጣትህን ትሰጠው ነበር።»

የአርቪድ ቁስል የመጥረቢያ ነው ማለት ነው። ቬይኮ ጥቂት ቀለለው። ወዲያው ደግሞ ከበደው። እጁን ካልቆረጠው ፍላጻው በሚገባ ይሆነዋል ማለት ነው።

«ስለቱስ?»

«ከእኔ ሱቅ ነው። ዘንድሮ አርባ ፓኬት ሸጫለሁ፤ ለፓስተሩም ጭምር።»

«ሌላ የምታየው ነገር አለ?»

ሌናርት ፍላጻውን ወደ መብራቱ አነሳ። ክንፎቹን ቁልቁል አየ። መልሶ በላስቲኩ ላይ አስቀመጠው።

«ሌላ የለም። አርቪድ ጓደኛዬ ነው። ይህን መናገሬ ያመኛል።»

«ማክሰኞ ንጋት አንተ የት ነበርክ?»

«ማማዬ ላይ ነዋ፣ ወንዙ ማዶ። አራት ሰዓት ላይ ሱቁን ከፈትኩ። ንጋቱን የሚመሰክርልህ የለም፤ አንተስ አለህ?»

«እኔ ተኝቼ ነበር።»

«የታመመው ትከሻህ ነው ከአደን ያስቀረህ። እዚህ ና፣ ላላ ያለ ቀስት እገጥምልሃለሁ ስልህ እምቢ አልክ።» ሌናርት ጓንቱን አወለቀ። «ደግሞ የግራ ጫማህ ማሰሪያ ሳስቷል። ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ። ሊበጠስ ነው።»

ቬይኮ ጎንበስ ብሎ አየ። ምንም አልታየውም።

ሄልሚ ካንጋስ ሄል የገባበት ዳቦ ቆርሳ አቀረበችለት። ቬይኮ አልተቀመጠም። ከእሷ ጋር አብረው ነው የተማሩት።

«ቁጭ በል እንጂ! እንደታሰረ ፈረስ ወዲያ ወዲህ ትላለህ።»

«ሬይኖ ሰሞኑን ምን ሆኖ ነበር?»

«ደስ ብሎት ነበር። ያ ነው ያስፈራኝ። እሱ ደስ የሚለው ሰው ሊያዋርድ ሲል ነው።» እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «ዓርብ በእሳት አደጋ አዳራሹ የአዳኞች እራት አለ አይደል? ‹በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ከአንድ ግድግዳ ላይ ቀንድ አወርዳለሁ› ይል ነበር።»

«ከማን ግድግዳ?»

«አልነገረኝም። መንገር ያስፈልገዋል? የአርቪድን ቀንድ ‹ከእኔ መሬት የተሰረቀ ነው› እያለ አስር ዓመት አልነዘነዘም?»

ከምድጃው ኋላ ጆንያ አወጣች። በውስጡ የትልቅ አጋዘን የጎድን አጥንቶች አሉ። ሬይኖ ባለፈው ሳምንት ከረግረጉ ዳር ነው ያነሳቸው። አንዱ ላይ ቀዳዳ አለ። ቬይኮ ትንሿን ጣቱን አስገባበት። ክብ ነው። ስለት አጥንት ይሰነጥቃል እንጂ ክብ አይበሳም።

ይህ ጥይት ነው። አንድ ሰው ከወቅቱ ውጭ በጠመንጃ ገድሎ፣ በቀስት ጣልኩ ብሎ ቀንዱን ሰቅሏል። በዚህ አገር ሚስትህን ብትደበድብ የሚያኮርፉህ ጥቂቶች ናቸው። ይህን ብታደርግ ግን ሰላም የሚልህ አታገኝም።

«ለማን አሳየው?»

«እኔ እንጃ። እሁድ ይዞት ወጥቶ ነበር። ሲመለስ ያፏጭ ነበር።» ሄልሚ ቀና ብላ አየችው። «አርቪድ ነው አይደል? እውነቱን ንገረኝ። ያንተ ሰው መሆኑን አውቃለሁ። ብቻ እንዳትዋሸኝ።»

«አላውቅም ሄልሚ። አልዋሽሽም።»

ዳቦውን ሳይቀምስ ወጣ። ይህንን ለማርጆሪ ሲነግራት ምን እንደምትል ያውቃል። እስካሁን አርቪድ ላይ የነበረው ፍላጻው ነው። አሁን የመግደል ምክንያትም ተገኘበት።

«ምክንያትም አገኘህለት» አለች ማርጆሪ፣ ሐሙስ ከቀትር በኋላ። «እጅህ አይባረክ ማለት ይህ ነው።»

የሸሪፉ ቢሮ ጋራዥ ውስጥ ናቸው። ቬይኮ አራት ቁጥርንና ከአርቪድ ሰገባ ያወጣውን ሁለት ቁጥርን ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቷቸዋል። ከጠዋት ጀምሮ ያያቸዋል፤ ይዞራል፤ ተመልሶ ያያቸዋል።

«ማርጆሪ፣ ነይ። ኋላቸውን እይው። ጅማቱን የምትነክሰውን ፕላስቲክ።»

«አየሁ።»

«በሁለት ቁጥር ላይ የነካሿ ስንጥቅ ከነጩ ክንፍ ጋር በአንድ መስመር ነው። በአራት ላይስ?»

ማርጆሪ መነጽሯን አደረገች። «ነጩ ክንፍ ወደ ጎን ሆኗል።»

«ነካሿ ሩብ ዙር ተጠምዝዛለች። በራሷ አትዞርም፤ ጠብቃ ነው የምትገባው።»

«እና?»

«የአርቪድን ቀስት እይ። መደገፊያው የድሮ ነው። ፍላጻው የሚያርፈው በሁለት የብረት ጣት ላይ ነው። ነጩ ክንፍ ቁልቁል ሆኖ በጣቶቹ መሀል ሾልኮ ማለፍ አለበት። እንዲህ ከተጠመዘዘች ግን አንዱ ብርቱካናማ ክንፍ ሄዶ ብረቱን ይመታል።»

«ቢመታስ?»

«እሱን ነው የምናየው። ያንቺ ክንድ ከአርቪድ ክንድ ጋር ይቀራረባል። የእኔ ትከሻ አይስብም።»

ማርጆሪ ኮቷን አወለቀች። «ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ቀስት ይዣለሁ። ሥራ ላይ ተኩሺ የተባልኩት ግን ዛሬ ገና ነው።»

ቬይኮ በእንጨት ክፈፍ ላይ ወረቀት ወጠረ። ከኋላው የጭድ ኢላማ አቆመ። ቀስት አስተካካዮች እንዲህ ነው የሚፈትኑት፤ ፍላጻ ቀጥ ብሎ ከሄደ ወረቀቱ ላይ ክብ ቀዳዳና ሦስት የክንፍ ስንጥቅ ይተዋል። ካጋደለ ወረቀቱ ይቀደዳል። ወረቀት አያዳላም።

ማርጆሪ ሁለት ቁጥርን እንዳለ ለቀቀችው። ክብ ቀዳዳ፣ ሦስት ስንጥቅ። ደገመችው። ያው ነው።

ቬይኮ የሁለት ቁጥርን ነካሽ ሩብ ዙር ጠመዘዛት። ማርጆሪ ሳበች፣ ለቀቀች። ብረቱ ቋ አለ። ወረቀቱ መዳፍ የሚያስገባ ያህል ተቀደደ። ፍላጻው የጭዱን ጠርዝ ልጦ ግድግዳው ላይ ወደቀ።

«ይሄ በአስር እርምጃ ነው» አለ ቬይኮ። «ሬይኖ የተመታው በሠላሳ ነው።»

ማርጆሪ ቀስቱን አወረደች።

«አርቪድ አይደለም።»

«አርቪድ አይደለም።»

«ደስ እንዳይልህ። እኔን አሳምነኸኛል፤ ዐቃቤ ሕጉ ግን ‹ከገደለ በኋላ ጠምዝዟት ይሆናል› ይለኛል። ሌላ ሰው ካላቀረብንለት አርቪድን አይተውም። የዘንድሮ ቀስት ሁሉ ደግሞ መደገፊያው ፍላጻው ሲሄድ የሚወድቅ ነው፤ ክንፍ በየት ቢዞር አይነካውም። የግማሽ አውራጃ ሰው ነው። ማንን ላምጣ?»

ቬይኮ ወደ ጫማው ጎንበስ ብሎ ነበር። የግራ ማሰሪያው ተበጥሷል። ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ።

«ምን ሆንክ?» አለች ማርጆሪ።

«ነገ ከእኔ ጋር ትመጫለሽ» አለ።

ዓርብ የቀስት ወቅት የመጨረሻ ቀን ነው። የሌናርት ሱቅ ሞልቷል። አንዱ ጅማት ያስጠብቃል፣ አንዱ በመጨረሻው ሰዓት ፍላጻ ይገዛል፣ ሌላው የቀለጠ ቺዝ የፈሰሰበት ዳቦ ይዞ ወሬ ይሰማል። ሌናርት ሣጥኑ ላይ ቆሟል። የአንድ ደንበኛ ፍላጻ ክንፍ ላይ ከጣሳ ነጭ ዱቄት ነፋ። ክንፉ በመንገዱ ላይ ምን እንደሚነካ ለማየት ነው፤ የነካበት ቦታ ዱቄቱ ይጠረጋል። የእግር ሽታ ማጥፊያ ዱቄት ነው። ሱቁ ናና ናና ይሸታል።

ቬይኮ በሩ ላይ ቆመ። ማርጆሪ ከኋላው ናት። ወሬው ጋብ አለ።

«ሌናርት፣ አርቪድን አናስረውም» አለ ቬይኮ ጮክ ብሎ።

ሌናርት ቀና አለ። «እንዴት?»

«አደጋ ነው ልንል ነው። አራት ቁጥር ጠማማ ናት፤ አንተም ታውቃለህ። አርቪድ አጋዘን አይቶ ለቀቃት፣ እሷ እንደልማዷ ወደ ግራ ሄደች፣ ሬይኖ በዚያ ተገኘ። ዕድል ነው። የማይረባ ፍላጻ በዕድል ልብ አገኘ።»

«በዕድል?»

«ምን ይባላል ታዲያ? እንዲህ ያለ ቆሻሻ ፍላጻ ሠርቶ የሚሸጥ ሰው ነው መጠየቅ የነበረበት።»

አንድ ሰው ሳቀ። የሌናርት ጆሮ ቀላ።

«ቆሻሻ አይደለችም» አለ።

«አርቪድ ወደ ግራ ትሄዳለች ይላል።»

«አርቪድ ምን ያውቃል! ፍላጻ ሁሉ አንድ ጎኑ ይገትራል፤ ያንን ጎን ቦታውን ካላገኘህለት ይሸሻል። ቦታውን ካገኘህለት ቀጥ ይላል። በሠላሳ እርምጃ ሦስቴ አንድ ቀዳዳ ውስጥ ነው የገባችው!»

ቬይኮ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«መቼ?»

የዱቄት ጣሳው ሌናርት እጅ ላይ ነው።

«‹ጣላት፣ አትረባም› ያልከው አንተ ነህ» አለ ቬይኮ። «ረቡዕ ሳሳይህ ጠማማ መሆኗን አልነገርከኝም። ነካሿ ሩብ ዙር መዞሯን አልነገርከኝም። ክንፏ ስር ይህ ዱቄት እንዳለ አልነገርከኝም። የእኔን የጫማ ማሰሪያ ግን ከጠረጴዛው ማዶ አየህ። አንተ የማታየው ነገር የለም፣ ሌናርት። አላየሁም ማለትህ ነው የጠቆመኝ።»

ቺዝ የያዘው ሰውዬ ዳቦውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ሬይኖ እሁድ አጥንቱን ይዞልህ መጣ አይደል?» አለ ቬይኮ።

ሌናርት ዞር ብሎ ግድግዳው ላይ ያለውን ቀንድ አየ። ሰዎቹም አብረውት አዩ። ያን ጊዜ ሁሉም ገባቸው።

«ሌሊት በመኪና መብራት ነው የመታሁት» አለ ሌናርት። ለማንም ሳይሆን ለጣሳው ነበር የሚናገረው። «በማግስቱ ጭንቅላቱን ቆርጬ አመጣሁት። አንዴ ነው። በሕይወቴ አንዴ። ሬይኖ ‹ዓርብ እራት ላይ አጥንቱን ሳህንህ ላይ አስቀምጥልሃለሁ› አለኝ። እየሳቀ። ሰኞ ማታ አራትን ከአርቪድ ክፍል አነሳኋት።»

«አርቪድስ ምን አደረገህ?»

ሌናርት መሳቢያውን ከፈተ። ማርጆሪ እጇን ወደ ሽጉጧ ሰደደች። ሌናርት ያወጣው ወረቀት ነው። መሀሉ ላይ አንድ ክብ ቀዳዳ አለ፤ ሦስት ስስ ስንጥቅ። ጥግ ላይ በእርሳስ «4፣ ሩብ» ተጽፏል። ሊጥለው አልቻለም ነበር። ለቬይኮ ዘረጋለት።

«እየው» አለ። «ይህ ዕድል ነው?»

ቬይኮ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዞረው። እንዲህ ያለ ንጹሕ ቀዳዳ አይቶ አያውቅም።

«ሳታስተካክላት ብትለቃት ነገሩ አርቪድ ላይ በቆመ ነበር» አለ። «ማንም አይጠይቅህም ነበር።»

«ብትስተውስ? ሆዱን ብታገኘውስ? ቀኑን ሙሉ ይሰቃይ?» ሌናርት የምር ገረመው። «እኔ ጠማማ ፍላጻ ሕይወት ባለው ነገር ላይ አልለቅም።»

ማርጆሪ ወደ ሣጥኑ ቀረበች። ሌናርት የደንበኛውን ፍላጻ አነሳ፣ ዱቄቱን በጨርቅ ጠረገ፣ ነካሿን በጥፍሩ ጥቂት አዞረና ለባለቤቱ ሰጠው።

«አሁን ትሄድልሃለች» አለው። ከሣጥኑ ወርዶ እጁን ለማርጆሪ ካቴና ዘረጋ።

ቅዳሜ ንጋት ላይ ጠመንጃው ከየአቅጣጫው ይንጣጣል። ቬይኮ አርቪድ ጓሮ ውስጥ፣ የሳውናው ደጃፍ ላይ ቆሟል። አርቪድ ጉቶ ላይ ተቀምጦ የተጨሰ ዓሣ በቢላ ይልጣል።

«ቁጭ በል።»

«ደህና ነኝ።»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው። እንጨት ላስገባ?»

«ማን ይመጣል?»

አርቪድ ቢላውን ሱሪው ላይ ጠረገ። «አንተ ትመጣለህ። ፓስተሩ ይመጣል፤ ሲያስበው ያድራል እንጂ ይመጣል።» ከረግረጉ በኩል ሁለት ተኩስ ተሰማ። «አራትን ይመልሱልኛል?»

«ከፍርዱ በኋላ።»

«አልፈልጋትም። እንዲያው ልጠይቅ ብዬ ነው።» ዓሣውን ትቶ ቀና አለ። «አምስት ዓመት ሙሉ ወደ ግራ ስትሄድብኝ ነበር። ክንዴ መስሎኝ፣ ዓይኔ መስሎኝ። ሩብ ዙር ብቻ ነበር የቀራት?»

«ሩብ ዙርና አዲስ መደገፊያ።»

አርቪድ የሳውናውን በር፣ ልብስ የሚሰቀልበትን ሚስማር አየ። አራት ሚስማር ነው፤ አንዱ የሌናርት።

«ሊነግረኝ ይችል ነበር» አለ።